ማን ንፋሱን ይስበር? ሁለት ያረጁ ሻምፒዮኖችን ፍለጋ ቦሌ ድረስ

ሐሙስ

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ሥራዬ ብስክሌት ማከራየት። እኛ ጋ ብስክሌት የማይነዳ ሰው ካለ ወይ ሕፃን ነው ወይ አዲስ የተሾመ ባለሥልጣን። ቄሱም ይነዳል፣ ነርሷም ትነዳለች፣ አሳ ነጋዴውም ይነዳል። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ፣ በብስክሌት ጉዳይ አዲስ አበባ ድረስ መሄዴ የሥራ ፈት ነገር እንዳይመስላችሁ ነው።

የሰፈራችን የብስክሌት ክበብ ወጣቶቹን የሚያሠለጥንለት ሰው አጣ። ስብሰባ ተጠራና ሁለት ስም ተነሣ፦ ክንፈ እና ሙሉጌታ። ሁለቱም የትግራይ ልጆች፣ ሁለቱም በጊዜያቸው የአገሪቱ ሻምፒዮን የነበሩ፣ ሁለቱም ጣሊያን ተሻግረው በፕሮፌሽናልነት የነዱ፣ አሁን ሁለቱም ሸምግለው በቦሌ በኩል የሚኖሩ ናቸው። ስማቸው እንደተጠራ ስብሰባው ገበያ ሆነ።

ጠቡ የቆየ ነው። ድሮ ከማይጨው ወደ መቀሌ በተደረገ ውድድር ሁለቱ ከሌላው ሰው ተነጥለው ወጡ። በብስክሌት ወግ ሁለት ሰው ተነጥሎ ከወጣ ተራ ይገባባል፤ አንዱ ፊት ሆኖ ንፋሱን ይሰብራል፣ ሌላው ጀርባው ተጠግቶ ያርፋል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ሙሉጌታ ግን የአላጌን ተራራ ሽቅብ ክንፈ ጀርባ ላይ ተለጥፎ ወጣ። አንዴም ፊት አልሆነም። መቀሌ ሲገቡ ብቅ አለና ቀደመው። እኔና ባሌ አያሌው ያኔ እጮኛሞች ነበርን፤ በሬዲዮ ሰማነው። እኔ "ይሄ ነው አራዳ!" ብዬ ዘለልኩ፤ እሱ "ሌባ!" ብሎ ሬዲዮውን ዘጋው። ተጋባን፣ ወለድን፣ ልጅ ዳርን፤ ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ አለ። ክንፈና ሙሉጌታም ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አይባባሉም።

"እንግዲያው ሂጂና ሁለቱንም አይተሽ የተሻለውን ይዘሽ ነይ" አለኝ ሊቀመንበሩ። በግ ግዢ የሚልከኝ ነበር የሚመስለው። የተመረጥኩት በዕውቀቴ አይደለም፤ የአክስቴ ልጅ ጥሩወርቅ ጎሮ ቤት ስላላት ክበቡ የአልጋ ወጪ የለበትም። አያሌው ሲሸኘኝ "አንቺ እንደሆነ ወስነሽ ነው የምትሄጂው" አለኝ። ውሸቱን አይደለም። ሙሉጌታን ይዤ ልመለስ ቆርጬ ነበር።

በአውሮፕላን ሄድኩ። ለጥሩወርቅ የአሳ ቋንጣ በካርቶን ይዤ ስለነበር ፍተሻው ላይ ጉድ ፈላ። ፈታሿ ካርቶኑን ከፍታ አሸተተች፣ ዘጋችው፣ ባልደረባዋን ጠርታ እሷም እንድታሸት አደረገች። "እናቴ፣ ይሄ ነገር ሞቷል?" አለችኝ። "ልጄ፣ በሕይወት ካለማ ትኬት እቆርጥለት ነበር" አልኳት። ሳቀችና አሳለፈችኝ።

ቦሌ ስወርድ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ኅዳር እኛ ጋ ነጠላ ይበቃል፤ እዚህ ሰው ጃኬት ላይ ጃኬት ደርቧል። ጎሮ በታክሲ ደረስኩና ለጥሩወርቅ ደወልኩ። "ድሮ ዳቦ ቤቱ ከነበረበት ወደ ግራ፣ ከዚያ ግንቡ ከፈረሰበት ቀጥ በይ" አለችኝ። አዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው በሌለ ነገር ነው! የሌለውን ዳቦ ቤት ስፈልግ፣ የፈረሰውን ግንብ ስጠይቅ፣ አንዲት አሮጊት አዝነውልኝ እጄን ይዘው አደረሱኝ። ለካ እሳቸው የጥሩወርቅ ጎረቤት ናቸው፤ ስትጨነቅ አይተው ሊፈልጉኝ ወጥተው ነው።

ጥሩወርቅ ስማኝ ስታበቃ ካርቶኑን ከፈተች። "እታለም፣ ጾም እኮ ነው!" "አሳ እኮ ነው!" "እኛ ጋ አሳ አይበላም።" "እኛ ጋ ይበላል፤ እግዜሩ አንድ አይደለም እንዴ?" ስንከራከር አመሸን። በመጨረሻ ካርቶኑ እስከ ገና በረንዳ ላይ እንዲቀመጥ ተስማማን። እኔ ክትፎ የመሰለ ጎመን በአዋዜ በልቼ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ተኛሁ።

አርብ

የሙሉጌታ ምግብ ቤት አትላስ ነው። አትላስ ሰፈሩ ሁሉ ሆቴልና ሙዚቃ ነው፤ ባሕር ዳር ጀልባው እንደሚሰለፈው እዚህ መኪና በሁለት ወገን ተሰልፏል። ገና ስገባ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለ የእሽቅድድም ብስክሌት አየሁና ልቤ ደነገጠ። ግድግዳው ላይ ፎቶ በፎቶ ነው፤ ሙሉጌታ ዋንጫ ይዘው፣ ሙሉጌታ አበባ ይዘው፣ ሙሉጌታ ጣሊያን አገር ጭቃ ሆነው። አስተናጋጇን "እኚህ ማን ናቸው?" ብዬ ፈተንኳት።

"ባለቤቱ ይመስሉኛል" አለች። "በፊት ስፖርት ነገር ይሠሩ ነበር መሰል።"

ጋሽ ሙሉጌታ ራሳቸው ከጓዳ ወጡ። ሬዲዮ ላይ "ንዳው አንተ!" እያልኩ የጮህኩበትን ሰው "እርስዎ" ማለት እንዴት ከበደኝ! ሆዳቸው ቀድሟቸው ነው የመጣው። "ለምሳ ነው ወይስ ለኔ?" አሉኝ። "ለእርስዎ" ስላቸው ፊታቸው በራ። ወንበር ስበው በያይነቱ አዘዙልኝ። ከዚያ ለራሳቸው ሳያዙ የኔን ግማሽ በሉት።

አወዳደቃቸውን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ፤ እየሳቁ። "እኔ በአንድ ቀን አልወደቅሁም እህቴ። መጀመሪያ ሁለተኛ ወጣሁ፤ 'ጎማዬ ተንፍሶ ነው' አልኩ። ቀጥሎ አምስተኛ ወጣሁ፤ 'ጉንፋን ይዞኝ ነው' አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስንተኛ እንደወጣሁ የሚቆጥርልኝም ጠፋ። ብስክሌቱን ጣሪያ ላይ ያሰቀለችው ሚስቴ ናት። 'ወይ እሱ ይሰቀል ወይ እኔ ልሂድ' አለች።"

"አላጌ ላይስ ለምን ተራ አልገቡም?" አልኳቸው፤ ይህን ሳልጠይቅ ብመለስ አያሌው ቤት አያስገባኝም።

ሳቃቸው ቆመ። "እግሬ አልቆ ነበር። ክንፈ እንደዚያ ቀን ሲነዳ ማን ፊቱ ሊሆን ይችላል? ጀርባው ላይ መሰንበቴም ተአምር ነው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?"

"ያሸነፈ ሰው እግሬ አልቆ ነበር ይላል እንዴ?"

የመጣሁበትን ስነግራቸው አላስጨረሱኝም። "ይህን ቤት ነገ ለሚስቴ አስረክቤ እመጣለሁ። እዚህ የሚመጣው ሰው ሁሉ 'ጋሼ፣ ሽሮው ጨው በዝቶበታል' ነው የሚለኝ። አንድ ልጅ ብስክሌት ላይ ሆኖ 'ጋሼ፣ እንዲህ ነው?' ሲለኝ መስማት እፈልጋለሁ።" ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀሉት። እኔ በዚያው ጨርሼ ልጨብጣቸው እጄን ዘርግቼ ነበር። አደራው ግን ሁለቱንም ማየት ነውና መለስኩት።

ቅዳሜ

ቦሌ አራብሳ ከከተማው ዳር ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ መንትያ አይደለም፣ ፎቶ ኮፒ ነው። የጋሽ ክንፈ ልጅ ሰናይት ባንክ የምትሠራ ልጅ ናት፤ የሕንፃውን ቁጥር በስልክ ነግራኝ ነበር። ደርሼ ደረጃውን እያለከለክሁ ወጣሁና አንኳኳሁ። አንዲት እናት ከፈቱልኝ። "ከባሕር ዳር ነው የመጣሁት" አልኳቸው። "ውይ! ግቢ፣ ግቢ!" ብለው አቀፉኝ። አስቀመጡኝ፣ እጄን አስታጠቡኝ፣ ተልባና ሽሮ አቀረቡ። ትንሽ ባረፍኩ ቁጥር "ብልዒ! ብልዒ!" ይሉኛል በትግርኛ። እኔ ደግሞ ጋሽ ክንፈ እስኪመጡ እየበላሁ እጠብቃለሁ። ጠግቤ "ጋሽ ክንፈስ የት አሉ?" ስል፣ "ማን?" አሉኝ። ለካ የሌላ ሰው ቤት ነው! ክንፈ ያሉት ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ላይ ነው።

"ታዲያ ማን መሰልኩዎት?" አልኳቸው፤ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

"እንግዳ ነሻ!" አሉኝ። በረንዳ ወጥተው በጣታቸው ትክክለኛውን በር ካሳዩኝ በኋላ "ሆዳቸው ባዶ እንዳይሆን ይህን ለክንፈ" ብለው አምባሻ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ጋሽ ክንፈን አራተኛ ፎቅ አገኘኋቸው። ጋቢ ለብሰው፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ እሳቸው ግን ግድግዳ እያዩ ተቀምጠዋል። ቀጭን ናቸው፤ እንደ ሙሉጌታ አልተበላሹም፤ አሁን ኮርቻ ላይ ብታስቀምጧቸው የሚሄዱ ይመስላሉ። ብስክሌታቸው በረንዳ ላይ አለ፤ የታጠበ ካልሲና አንሶላ ተሰጥቶበታል። መልእክቴን ሰሙና፣ "ክንፈ ሞቷል በያቸው" አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሳቸው።

ሰናይት ልትሸኘኝ ወጣችና ደረጃው ላይ እጄን ያዘችኝ። በክፉው ጊዜ እናቷ መቀሌ እንዳረፉ፣ ከዚያ አባቷን እሷ ጋ እንዳመጣቻቸው ነገረችኝ። "እትዬ፣ ከመጣ ጀምሮ ከዚህ በር ወጥቶ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይሄድም። ሐኪሙ እግሩ ደህና ነው ይላል። ሥራ ሄጄ ስመለስ ጠዋት የተውኩት ወንበር ላይ ነው የማገኘው። ግድግዳ እያየ ሊያልቅብኝ ነው። እባክዎን ይውሰዱልኝ።" ታለቅስ ጀመር። እኔም አለቀስኩ፤ እዚያው ደረጃው ላይ።

ጋሽ ክንፈ እንዴት እንዳበቃላቸውም ነገረችኝ። ጣሊያን በዝናብ ቁልቁለት ሲወርዱ ወደቁ። አጥንቱ ዳነ፤ እጃቸው ግን ከዚያ ወዲህ ቁልቁለት ባዩ ቁጥር ፍሬን ላይ ይደርቅ ጀመር። ቁልቁል የፈራ ብስክሌተኛ ደግሞ አለቀለት፤ ሽቅብ ያገኘውን ሁሉ ቁልቁል ይከፍለዋል። ሙሉጌታ እንደ ሳሙና ቀስ ብለው አለቁ፤ ክንፈ እንደ ብርጭቆ በአንድ ጊዜ። የቱ ይሻላል? አያሌው ቢጠይቀኝ መልስ የለኝም። የብርጭቆ ስባሪ ግን ሰው ያቆስላል፤ ሰናይትን አይቻለሁ።

እንግዲህ ወደ ተንኮሌ ልምጣ። እንባዬን ጠርጌ ተመልሼ ገባሁና፣ "ረስቼው ነው ጋሽ ክንፈ፤ ጋሽ ሙሉጌታ ሰላም ብለዎታል። 'ክንፈ ከእንግዲህ የራሱን ደረጃም አይወርድ' ብለው አዘኑልዎት" አልኳቸው። ውሸት ነው፤ ሰውየው እንዲህ አላሉም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጋሽ ክንፈ ቀስ ብለው ቴሌቪዥኑን አጠፉ። "አዘነልኝ?"

"በጣም።"

"ሙሉጌታ ለኔ?"

"እንባ ነው የቀራቸው።"

"ሰናይት!" አሉ። "ካልሲሽን ከብስክሌቴ ላይ አንሺ።"

የቀረው ቀላል ነበር። እሑድ ጠዋት፣ ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ፣ በአዲሱ የብስክሌት መንገድ፤ የቀደመ ባሕር ዳር ይመጣል። ለጋሽ ሙሉጌታ ደውዬ "ክንፈ ሆድዎን አይተው ሳቁ" ልል ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው "እግሩ እንዴት ነው?" አሉኝ። አፌ አያርፍምና የሰናይትን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።  ሰምተው ሲጨርሱ "ብስክሌቴን ከጣሪያ ላውርድ እንግዲህ" ብለው ዘጉት።

እሑድ

ሰናይት አባቷ ደረጃውን ሲወርዱ በቪዲዮ ቀርፃለች። አንድ እጃቸው ብረቱን፣ አንድ እጃቸው ብስክሌቱን ይዘው፣ በየፎቁ እየቆሙ፣ እየተሳደቡ ወረዱ። ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፍቶ ያያል። የአምባሻዋ እናት ከወዲያኛው በረንዳ እልል አሉ።

ቦሌ ድልድይ ላይ ሁለቱ ተገናኙ። ሰላም አልተባባሉም። ጋሽ ክንፈ የጋሽ ሙሉጌታን ሆድ አዩ፤ ጋሽ ሙሉጌታ የጋሽ ክንፈን ጎማ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው "ንፋስ ያንሰዋል" አሉ። ጋሽ ክንፈም የዘረጉላቸውን መንፊያ ተቀበሏቸው። እኔና ሰናይት በኮንትራት ታክሲ ጎን ለጎን ልንከተላቸው ገባን። ሾፌሩ "ማነው የኛ?" አለ። ሰናይት "ቀጭኑ!" አለች። እኔ ቀበቶዬን አሰርኩ።

የብስክሌት መንገዱ ከባሕር ዳሩ ያምራል፤ ቀለም ተቀብቷል፣ አበባ ተተክሎበታል። የጎደለው ብስክሌት ብቻ ነው። ሰው ይራመድበታል፣ ይሮጥበታል፣ የተመረቁ ልጆች ቆባቸውን ወደ ላይ እየወረወሩ ፎቶ ይነሡበታል። ጋሽ ሙሉጌታ ገና ከመነሻው ፊት ሆነው "ልቀቁ! ልቀቁ!" እያሉ መንገድ ያስለቅቃሉ። ንፋሱ ከፊት ነበር፤ ጃኬታቸውን እንደ ድንኳን ነፍቶታል። ጋሽ ክንፈ ጀርባቸው ላይ ተለጠፉ። ኢምፔሪያል ደረስን፤ እንደተለጠፉ ናቸው። ገርጂ መታጠፊያ አለፍን፤ አንዴም ፊት አልሆኑም።

እኔ ነገሩ ሲገባኝ መስኮቱን ከፍቼ "ተራ ይግቡ እንጂ ጋሽ ክንፈ!" ብዬ ጮህኩ። ሰናይት ጭኔን መታችኝ። ጋሽ ክንፈ ወደኔ ዞር አሉ፤ እየሳቁ ነበር! ያ ግድግዳ ያይ የነበረ ፊት፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ፣ አላጌን እየተበቀለ ነበር።

መገናኛ ሲቃረብ ከጀርባ ብቅ አሉ። ጋሽ ሙሉጌታ አንገታቸውን ደፍተው ተፍጨረጨሩ፣ ጮኹ፣ አላበቸው፤ ጋሽ ክንፈ በአንድ ጎማ ቀደሟቸው። ሰናይት መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈተች። ሾፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋው። እኔ ልቤ ሙሉጌታ ቢልም አጨበጨብኩ። "እንኳን ደስ አለዎት! እንግዲህ ባሕር ዳር..."

"ዝም በይ አንቺ!" አሉኝ ጋሽ ክንፈ። ብስክሌታቸውን ሰናይት ላይ ጥለው ጋሽ ሙሉጌታ ፊት ቆሙ። "ማርሽ አልቀየርክም።"

"ምን?"

"መጨረሻው ላይ ማርሽ አልቀየርክም። በሕይወትህ ማርሽ ሳትቀይር መስመር አልፈህ አታውቅም። ካቴናህ ከጥርስ ወደ ጥርስ ሲወርድ እሰማዋለሁ፤ የአላጌም ቀን ሰምቼዋለሁ፣ ዕድሜ ልኬን ስሰማው ኖሬአለሁ! ዛሬ አልሰማሁትም።"

"ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ከርሞ ዝጎብኝ..."

"ሌባ! ያኔ ሰረቅከኝ፤ ዛሬ ደግሞ ትመጸውተኛለህ?"

ጋሽ ሙሉጌታ አጎንብሰው የብስክሌታቸውን ማርሽ ዳሰሱ። ያን ሥራ ምን ያህል እንደፈለጉት እኔ አውቃለሁ፤ ጣሪያውን ሲያዩ አይቻቸዋለሁ። መንገዱን ሙሉ ንፋስ ሰብረው፣ በዚያ ሆድ፣ ለማይወዳቸው ሰው ሊተዉለት ነው የመጡት። እዚያው አደባባዩ ላይ አቅፌ ልስማቸው ነበር የፈለግሁት። በመጨረሻ ቀና ብለው፣ "እሺ፣ አልቀየርኩም። ምን ታመጣለህ?" አሉ።

"የሚመጣው እሑድ፣ እዚሁ። ማርሽህን ዘይት ቀብተህ ና። ከዚያ በፊት የትም አልሄድም።"

"እኔ ሆዴን ይዤ፣ አንተ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ከርመህ?"

"እኔ ነገ ጠዋት ልምምድ እጀምራለሁ። ላንተ አዝንልሃለሁ!"

"ባሕር ዳርስ?" አልኩ በመሀል።

"ሐይቁ የትም አይሄድባችሁም" አሉኝ ጋሽ ክንፈ። "ባሕር ዳር ትጠብቅ።"

ሰኞ

ባዶ እጄን ተመለስኩ። እርግጥ ባዶ አይደለም፤ ጥሩወርቅ የበሶ ዱቄትና ሹራብ አስይዛኛለች፣ ከአሳው ጠብ ጋር። አያሌው አውሮፕላን ማረፊያ በብስክሌት ሊቀበለኝ መጣ፤ ሻንጣዬን ከኋላ አስሮ "ታዲያ ሻምፒዮኑ የት አለ?" አለኝ። መንገዱን ሙሉ ነገርኩት። "ሌባ ነው ስልሽ!" ሊል ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ብስክሌቱን አቁሞ "ማርሽ ሳይቀይር?" ብሎ ጠየቀኝ። ድጋሚ ጠየቀኝ። 

ሊቀመንበሩ አልሳቀልኝም። "አሠልጣኝ አምጪ ብንልሽ ጠብ አስነሥተሽ መጣሽ" ብሎ በስብሰባ ፊት ገሠጸኝ። ልጆቹን እስካሁን እኔና አያሌው እየተጨቃጨቅን እናሠለጥናቸዋለን። ይኸው ሳምንታት አለፉ፤ እሑድ በመጣ ቁጥር ማን አሸነፈ ብዬ እደውላለሁ፤ አንዱ ሳምንት ጎማ ተነፈሰ፣ አንዱ ሳምንት ሰው ገባብን ይሉኛል። ሁለቱም ውጤቱን አላጸደቁትም። እንደማያጸድቁትም ገብቶኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ በፊት ቤታቸው ደወልኩ። ሰናይት ስልኩን አነሣች።

"ጋሽ ክንፈ አሉ?" አልኳት።

"አባዬ ቤት የለም" አለችኝ።  "እትዬ፣ እስቲ እንደገና ይጠይቁኝ።"

"ጋሽ ክንፈ አሉ?"

"የለም!" አለች። "ወጥቷል!"